ምዕራፍ 6፦ ከእሳቱ ቀድሞ የደረሰ እርሳስ

አቴና በ1834 የአዲሲቱ ግሪክ ዋና ከተማ ስትሆን መንገዷን ለማስፋት የቸኮሉ ሰዎች ብዙ ነገር አፈረሱ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከፈረሱት መካከል በየሰፈሩ ጥጋጥግ ተሸጉጠው የነበሩት ትንንሽ የቢዛንታይን ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ይገኙበታል። ከ1842 ጀምሮ ሃያ ዓመት የፈጀው የከተማዋ ካቴድራል ሲሠራ ከ70 በላይ ከሚሆኑ የፈረሱ አብያተ ክርስቲያናት የተለቀመ እብነ በረድ እንደገባበት ይነገራል። ያፈረሷቸው ሰዎች ሃይማኖት የጎደላቸው አልነበሩም። ያን ጊዜ “ታሪክ” የሚባለው አክሮፖሊስ ላይ የቆመው የጥንት አማልክት ቤት ብቻ ነበር። ከለንደን፣ ከፓሪስና ከበርሊን የሚመጣውም ተጓዥ ዓይኑ ተራራው ላይ ስለነበር ከግርጌ ያሉትን የጡብ ጉልላቶች ቆሞ የሚያያቸው አልነበረም። ከተከበረ ቅርስ ጎን የተወለደ፣ ግን በዕድሜ ከእሱ ያነሰ ቅርስ ብዙ ጊዜ ዕጣው ይኸው ነው።

ከፈረሱት ውስጥ ስንቶቹ ምን ይመስሉ እንደነበር ዛሬ መናገር አይቻልም፤ የለካቸው የለምና። ይህ ምዕራፍ ስለ ለኪዎቹ ነው።

ሮበርት ዊር ሹልትዝ ስኮትላንዳዊ፣ ሲድኒ ባርንስሊ እንግሊዛዊ ነበሩ። ሁለቱም ወጣት የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች ነበሩ። ሹልትዝ በ1887 የለንደኑን የሥነ ጥበብ አካዳሚ የወርቅ ሜዳሊያ ሲያሸንፍ ለጉዞ የሚሆን ገንዘብም አብሮ ተሰጠው፤ ከ1888 እስከ 1890 ባለው ጊዜ ሁለቱ ጓደኛሞች ግሪክን እየተዘዋወሩ የቢዛንታይን አብያተ ክርስቲያናትን ለኩ፣ ነደፉ፣ ፎቶግራፍ አነሡ። የመጡት በእንግሊዝ “የእጅ ጥበብ ንቅናቄ” ከሚባለው መንፈስ ውስጥ ነው። የዚያ ንቅናቄ ሰዎች ሕንፃ ከወረቀት ላይ ውበቱ ይልቅ ከግንበኛው እጅ መታወቅ አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ወጣቶች የጠየቁት ጥያቄ ከሌላው ተጓዥ የተለየ ሆነ፤ “ያምራል ወይ?” ሳይሆን “እንዴት ነው የተሠራው?” የሚል።

የልኬት ንድፍ የሚባለው ሥራ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ሜትር ይዘረጋል፣ ቱንቢ ይወርዳል፣ ውሃ ልክ ይቀመጣል። ከአንድ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ የሚለካው ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ አራት ጎን የሚመስል ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ማዕዘኖቹ ትክክለኛ ስላልሆኑ ከማዕዘን ማዕዘን ሰያፉም ይለካል። ቁጥሩ ሁሉ መጀመሪያ ከተዝረከረከ የሜዳ ማስታወሻ ላይ ይሰፍራል፤ ንጹሑ ንድፍ የሚወለደው በኋላ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚያ ሁለት ዓይነት ሥዕል ይወጣል። አንደኛው የወለል ፕላን ነው፤ ሕንፃውን በመስኮት ከፍታ ላይ አግድም ቆርጠው ከላይ ቢመለከቱት የሚታየውን ያሳያል። ሁለተኛው ባለሙያዎች ሴክሽን የሚሉት ነው፤ ድፎ ዳቦ ከላይ እስከ ታች በቢላ ለሁለት እንደሚከፈል ሕንፃው ቢከፈል ውስጡ ምን እንደሚመስል ያሳያል። የግድግዳው ውፍረት፣ የቅስቱ አነሣስ፣ የጉልላቱ ክብደት በምን ላይ እንዳረፈ የሚታወቀው ከዚህ ነው። ማንም ሰው በዓይኑ ሕንፃን በሴክሽን አይቶ አያውቅም፤ ካሜራም ሊያየው አይችልም። ሊታይ የሚችለው በተለካ ቁጥርና በእርሳስ ብቻ ነው።

የድካማቸው ዋና ፍሬ በ1901 ለንደን ላይ የታተመው የቅዱስ ሉቃስ ገዳም መጽሐፍ ነው። ይህ ሉቃስ ወንጌላዊው አይደለም፤ በ10ኛው መቶ ዘመን ከዴልፊ ብዙም በማይርቅ ተራራማ አገር የኖረ ግሪካዊ ባሕታዊ ነው። በገዳሙ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዱ የወላዲተ አምላክ፣ ሌላው በ11ኛው መቶ ዘመን የተሠራውና የጻድቁ መቃብር ያለበት ትልቁ ነው። የትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በአራት ሳይሆን በስምንት ነጥቦች ላይ ያረፈ ነው፤ በየማዕዘኑ የተገነቡ ትንንሽ ቅስቶች አራቱን ጎን ወደ ስምንት ጎን ይለውጡታል፣ ስምንቱ ጎን ደግሞ ክቡን ይሸከማል። ውስጥ የገባ ምእመን ይህን አያስተውልም፤ የሚሰማው ስፋቱ ነው። ስሌቱ ወለል ብሎ የሚታየው በሴክሽኑ ላይ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ ግን ጉልላቱ ሳይሆን የወላዲተ አምላክ ቤተ ክርስቲያን የውጭ ግድግዳ ነው። እያንዳንዱ ጥርብ ድንጋይ ዙሪያውን በቀጫጭን ጡብ ታጥሯል፤ ከታች አንድ ረድፍ፣ ከላይ አንድ ረድፍ፣ በመካከል ደግሞ የቆመ ጡብ። በዚያ በቆመው ጡብ ቦታ ላይ ግንበኞቹ የኩፊ የዐረብ ፊደል የሚመስል ቅርጽ እየቆረጡ አስገብተዋል። ሲነበብ ትርጉም አይሰጥም፣ ጌጥ ነው። በ10ኛውና በ11ኛው መቶ ዘመን ከዐረቡ ዓለም የሚመጣው ሐርና ዕቃ በቢዛንታይን ዘንድ ምን ያህል ይወደድ እንደነበር ይህ ግድግዳ ይመሰክራል። ሹልትዝና ባርንስሊ ከሩቅ ሲታይ ልሙጥ የሚመስለውን ግድግዳ ጡብ በጡብ ነደፉት። አንድ ሰው ጡብ በጡብ ለመንደፍ ሲቀመጥ አንዷን ጡብ እንኳ ሳያይ ማለፍ አይችልም። ካሜራ ግን ማንም ልብ ያላለውንም ይዞ ይሄዳል። ይህ ልዩነት ወደፊት ይመጣል።

ከግሪክ ሲመለሱ ሁለቱም ያዩትን ሥራቸው ላይ አዋሉት። ሹልትዝ የካርቱምን የእንግሊዝ ካቴድራል ነደፈ፤ በ1912 ተባረከ፣ ዘግይቶም የሪፐብሊኩ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆነ። ባርንስሊ ደግሞ ከለንደን ደቡብ፣ ሎወር ኪንግስዉድ በሚባል መንደር፣ በቅድስት ጥበብ ስም የተሰየመች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በ1892 ሠራ። የሕንፃው ደጋፊ ኤድዊን ፍሬሽፊልድ የሚባል የቢዛንታይን ነገር አፍቃሪ ነበር፤ ከኦቶማን ግዛት ያመጣቸው እውነተኛ የቢዛንታይን ዓምድ ራሶች ዛሬም በዚያች የእንግሊዝ መንደር ይገኛሉ። ፍሬሽፊልድ ለቢዛንታይን ጥናት ያደረገውን እርዳታ አከብራለሁ፤ ይህን ግን አልቀበለውም። የመቅደላን ነገር የሚያውቅ አንባቢ ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ንድፍ ከድንጋይ ማጋዝ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ እውቀቱን ይወስዳል፣ ድንጋዩን ካለበት ይተወዋል።

በ1908 ፍሬሽፊልድና ጓደኞቹ በአቴና ካለው የብሪታንያ የአርኪዎሎጂ ትምህርት ቤት ጋር ተባብረው የቢዛንታይን ምርምር ፈንድ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። የሹልትዝና የባርንስሊ ንድፎችም ከጊዜ በኋላ ወደዚሁ ስብስብ ገቡ። ለፈንዱ ከሠሩት አንዱ ዋልተር ጆርጅ ነው። በቁስጥንጥንያ የቅድስት ኢሪኒን ቤተ ክርስቲያን ለክቶ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ታላቁ ውለታው ግን በተሰሎንቄ ነው።

ተሰሎንቄ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ሁለት መልእክት የጻፈላት ከተማ፣ የራሷ ሰማዕት አላት፤ ቅዱስ ድሜጥሮስ። ባለ አምስት ረድፍ አዳራሽ የሆነው ቤተ ክርስቲያኑ በ5ኛው መቶ ዘመን ተመሥርቶ፣ በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ። ኦቶማኖች ከተማዋን ከያዙ በኋላ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ መስጊድ ሆነ፤ ግድግዳውም በልስን ተሸፈነ። በ1907 ለእድሳት ልስኑ ሲነሣ ከሰሜናዊው የውስጥ ረድፍ ቅስቶች በላይ የሞዛይክ ሥዕል ብቅ አለ።

የግኝቱን ክብደት ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዘመን የቢዛንታይን ነገሥታት ቅዱሳት ሥዕላትን ከልክለው ነበር፤ ክልከላው አንዴ ላልቶ አንዴ ጠብቆ እስከ 843 ድረስ ዘለቀ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ፣ የሰው መልክ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ሞዛይክ እጅግ ብርቅ ነው። በቁስጥንጥንያ ራሷ የለም ማለት ይቻላል። ተሰሎንቄ ላይ ግን አንድ ሙሉ ረድፍ ተገኘ።

ሥዕሎቹ የንጉሥ ወይም የጳጳስ ታሪክ አልነበሩም። በአንዱ ክፍል ማርያም የምትባል ሕፃን አለች። መጀመሪያ እናቷ ታቅፋት ወደ ቅዱስ ድሜጥሮስ ታቀርባታለች። ቀጥሎ ባሉት ሥዕሎች ልጅቱ እያደገች ትሄዳለች፤ በእግሯ ቆማ ሻማ ይዛ፣ በኋላም ርግብ ይዛ መባዋን ታቀርባለች። የስለት ልጅ ያላት ቤተሰብ ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። የልጃቸውን ማደግ በቅዱሱ ፊት በወርቅና በመስታወት ያስመዘገቡ ወላጆች ናቸው። ከሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የኖረች፣ ነገሥታት የማያውቋት አንዲት ልጅ በተለያየ የዕድሜ ደረጃዋ እንዲህ ልትታይ የምትችልበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ጆርጅ በ1909 ገደማ ሞዛይኮቹን በውሃ ቀለም ገለበጣቸው። እሱ ብቻም አልነበረም፤ የሩሲያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎችም መጥተው ፎቶግራፍ አንሥተዋል። ታዲያ ካሜራ እያለ ብሩሽ ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው በመስታወት ፕሌቱ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ተራ ፕሌት ሰማያዊ ብርሃንን አጥብቆ ያያል፣ ቢጫን በጭንቅ ያያል፣ ቀይን ከናካቴው አያይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በፎቶግራፉ ላይ ሰማያዊ ልብስ ነጭ ይመስላል፤ ቀዩ ይጠቁራል፤ ሞዛይኩን ሞዛይክ የሚያደርገው ወርቅ ደግሞ ወይ ጨለማ ይሆናል፣ ወይ ብርሃን አንጸባርቆ ሥዕሉን ያጠፋዋል። የወርቁ ጠጠሮች በመስታወት መካከል የታሸገ የወርቅ ቅጠል ያለባቸው ናቸው፤ ሠሪዎቹም ሆን ብለው አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ አዘንብለው ይተክሏቸዋል፣ ሻማ ሲበራ እንዲብለጨለጩ። ለጸሎተኛው የታሰበው ይህ ጥበብ ለፎቶ አንሺው መከራ ነው። ጆርጅ ግን ቆሞ፣ ቦታ እየለወጠ፣ ቀለሙን ከብርሃኑ እየለየ መጻፍ ይችል ነበር። ሕፃኗ ማርያም የለበሰችው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበር ከፎቶግራፉ አይገኝም፤ ከእሱ ወረቀት ላይ ግን ይፈለጋል።

በ1912፣ በባልካን ጦርነት፣ ተሰሎንቄ ወደ ግሪክ ገባች፤ ሠራዊቱ የደረሰው በቅዱስ ድሜጥሮስ በዓል ቀን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ ተመለሰ። ብዙ አልቆየም። ኦገስት 18 ቀን 1917፣ ከተማዋ በዓለም ጦርነቱ ሠራዊትና ስደተኛ ተጨናንቃ ሳለ፣ ከአንድ መኖሪያ ቤት የተነሣ እሳት በብርቱ ነፋስ ተገፍቶ ከአንድ ቀን በላይ ነደደ። ከ70,000 በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ። የድሜጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ወረደ፣ ዓምዶቹ ተሰነጣጠቁ፣ የሰሜኑ ረድፍ ሞዛይኮች ጥቂት ቁራጭ ሲቀር ጠፉ። ልስኑ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ደብቆ ያቆያቸው ሥዕሎች ዓይን ያዩት ለአሥር ዓመት ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ዓመታት በፈጀ ሥራ ተጠግኖ በ1949 ተከፈተ። ዛሬ የሚሄድ ሰው በመቅደሱ አጠገብ ባሉት ምሰሶዎች ላይ የተረፉትን ሞዛይኮች ያያል፤ ቅዱሱ በጳጳሱና በአገረ ገዥው መካከል ቆሞ ሁለቱን በትከሻቸው አቅፎ። ማርያምን ግን አያያትም።

የጆርጅ ሥዕሎችም ወዲያው አልታተሙም። እሱ ወደ ሕንድ ሄዶ በአዲሲቱ ዴልሂ ግንባታ ላይ ሠራ፤ እዚያው ኖሮ በ1962 አረፈ። ሥዕሎቹን ሮቢን ኮርማክ የተባለ የጥበብ ታሪክ ሊቅ ሙሉ ጥናት አድርጎ ያቀረባቸው በ1969 ነው። የማርያም ታሪክ ከሥዕል ወደ ሥዕል የሚሄድ አንድ ታሪክ መሆኑም የጎላው ንድፎቹና የድሮዎቹ ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ መልሱ በመሳቢያ ውስጥ ነበር። መዝገብ ቤትን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ መጥፋት ነው፤ እኔ ግን ሳይጠፋ ያልተከፈተውም ያሳዝነኛል።

እስካሁን ለብሩሹ አድልቻለሁ። አሁን የካሜራውን ውለታ ልናገር።

ኒቅያን የኢትዮጵያ አንባቢ በሠለስቱ ምዕት ያውቃታል፤ በ325 ሃይማኖት የተደነገገባት ከተማ ናት። በዚያች ከተማ የወላዲተ አምላክ የፍልሰቷ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በመቅደሱ የምሥራቅ ጉልላት ላይ እመቤታችን ልጇን ይዛ በወርቅ ሜዳ ላይ ብቻዋን ቆማ ትታይ ነበር፤ ከፊቷ ባለው ጣሪያ ላይ በየነገዳቸው ስም የተጻፈባቸው አራት መላእክት ነበሩ። በ1912 ኒኮላይ ክሉጌ የሚባል የሩሲያ ሰዓሊና ተመራማሪ ፎቶግራፍ አነሣቸው። በ1922 በግሪክና በቱርክ ጦርነት ቤተ ክርስቲያኗ ፈረሰች። ዛሬ ያለው መሠረቷ ብቻ ነው።

የክሉጌን ፎቶግራፍ ቀርቦ የሚመለከት ሰው ከእመቤታችን ግራና ቀኝ፣ በወርቁ ሜዳ ውስጥ፣ ድንበር ያያል። የጠጠሮቹ ቀለም ይለያያል፣ አሰካካቸውም አይገጥምም። ድንበሩን በጣት ቢከተሉት የመስቀል ክንዶች ይሆናሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ በዚያ ቦታ የወላዲተ አምላክ ሥዕል ነበረ። ሥዕል ሰባሪዎቹ ሲነሡ እሷን ነቅለው በስፍራው መስቀል ተከሉ። ከ843 በኋላ ደግሞ መስቀሉ ተነቅሎ አሁን በፎቶው ያለችው ተተከለች። የአንድ መቶ ሃያ ዓመት የሃይማኖት ክርክር በአንድ ግድግዳ ላይ በስፌት ምልክት ተጽፏል። ፊዮዶር ሽሚት በ1927 ፎቶግራፎቹን በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1959 ፖል አንደርውድ ስፌቶቹን አንድ በአንድ ተከትሎ የመተካካቱን ቅደም ተከተል አብራራ። ሲያብራራ ቤተ ክርስቲያኗ ከፈረሰች 37 ዓመት ሆኗት ነበር።

ይህን ሰዓሊ ቢገለብጠው ኖሮ ስፌቱ ይተርፍ ነበር? እጠራጠራለሁ። እጅ ያስተካክላል። ሰዓሊው የሚገለብጠው “ሥዕሉን” ነው፤ የጠጠሩን አለመግጠም እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል። ካሜራው ግን ጉድለትና ሥዕል አይለይም፤ ክሉጌ ራሱ ሁሉንም ሳይፈታው ይዞት ሄደ።

የማስተካከል ፈተና በቁስጥንጥንያዋ አያ ሶፊያ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሱልጣን አብዱልመጂድ ሕንፃውን እንዲያድሱለት ጋስፓሬና ጁሴፔ ፎሳቲ የተባሉ ከስዊዘርላንድ የመጡ ወንድማማቾችን ቀጠረ። ከ1847 እስከ 1849 በሠሩበት ጊዜ ከልስኑ ሥር ሞዛይኮች አገኙ፤ ነደፏቸው፣ መልሰውም ሸፈኗቸው። በዚያው ሰሞን የፕሩሲያው ንጉሥ የላከው ዊልሄልም ሳልዘንበርግ በመወጣጫው እየወጣ የራሱን ንድፍ ሠርቶ በ1854 በትልቅና ባማረ መጽሐፍ አሳተመ። ፎሳቲዎቹ ሞዛይኮቹን የማሳተም ሐሳባቸው ሳይሳካ ቀረ፤ ወረቀቶቻቸው በትውልድ አገራቸው፣ በቤሊንዞና ከተማ መዝገብ ቤት ተቀመጡ። በ1894 ቁስጥንጥንያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ከሞዛይኮቹ አንዳንዶቹ ረገፉ። በታላቁ አዳራሽ ከፍታ ላይ ተደርድረው ከነበሩት አባቶች ዮሐንስ አፈወርቅና አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ ዛሬም አሉ፤ ብዙዎቹ ጓደኞቻቸው ግን ያሉት በፎሳቲዎቹ እርሳስ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲሪል ማንጎ በ1962 ያወጣው ጥናት ከባድ ሥራ ነበረው፤ የፎሳቲዎቹን የችኮላ ንድፍና የሳልዘንበርግን የተዋበ ሥዕል እያነጻጸረ የትኛው መስመር የታየ፣ የትኛው የተሟላ እንደሆነ መለየት። ውብ የሆነው መጽሐፍ ሁልጊዜ ታማኙ አልሆነም። ሳልዘንበርግ የጎደለውን ሞልቶ ይስላልና፣ የሞላውን ከነበረው መለየት የአንባቢው ዕዳ ሆኗል።

ይህ ልምድ ያስተማራቸው የ20ኛው መቶ ዘመን ሰዎች ጥብቅ ሆኑ። ከ1931 ጀምሮ ቶማስ ዊተሞር ያቋቋመው የአሜሪካ የቢዛንታይን ተቋም ሞዛይኮቹን ሲገልጥ በፎቶግራፍ፣ በወረቀት ግልባጭና በፊልም ሥራውን መዘገበ። ሮበርት ቫን ናይስ ደግሞ በ1937 አያ ሶፊያን መለካት ጀመረ። ንድፎቹ በሁለት ክፍል ወጡ፤ የመጀመሪያው በ1965፣ ሁለተኛው በ1986። የሰው የሥራ ዕድሜ ሙሉ በአንድ ሕንፃ ላይ አለቀ ማለት ነው። በእሱ ወረቀቶች ላይ ሕንፃው የተስተካከለ አይደለም። ታላላቆቹ ምሰሶዎች ከክብደቱ የተነሣ ወደ ውጭ ዘመዋል፤ በ558 ወድቆ የተሠራው፣ በ989 እና በ1346 ደግሞ በከፊል የተናደው ጉልላትም እውነተኛ ክብ አይደለም። ያ መዛመም በቁጥር ስለተመዘገበ ነው መሐንዲሶች ሕንፃው ክብደቱን እንዴት እንደሚሸከም ማስላት የቻሉት።

ጆርጅ ተሰሎንቄ ላይ ብሩሽ ሲይዝ፣ በዚያው ዘመን በእኛም አገር ይኸው ሙያ ሥራ ላይ ነበር። በ1906 ኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን ቡድን በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ አክሱም ደረሰ። ዳንኤል ክሬንከር ለካና ነደፈ፣ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ሥራው በ1913 በርሊን ላይ በአራት ጥራዝ ወጣ። አክሱም ክርስትናን የተቀበለችው ቁስጥንጥንያ ገና ስትቆረቆር በነበረበት በ4ኛው መቶ ዘመን ስለሆነ ሁለቱ ምዝገባዎች የጥንቱን ክርስቲያናዊ ዓለም ከሁለት ጫፍ የያዙ ናቸው። ቡድኑ በመንገዱ ከነደፋቸው መካከል በአስመራ የነበረው ጥንታዊው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኝበታል፤ በአክሱማውያን ስልት፣ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ፣ የአግዳሚዎቹ ጫፍ የዝንጀሮ ራስ የሚባለውን ቅርጽ ይዞ ከግድግዳው ወጣ ብሎ። በስፍራው በ1930ዎቹ ሌላ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል። አሮጌው ግንብ በስንት ረድፍ እንጨት እንደታሰረና መስኮቶቹ ምን ያህል ጠባብ እንደነበሩ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ የክሬንከርን ወረቀት ይከፍታል፤ ከጎኑም የፎን ሉፕከን ፎቶግራፍ ያስቀምጣል።